«የአድዋ ጎራዴ ነው» ቢሏችሁ ሳትመዙት ብር እንዳትልኩ

ባሕር ዳር ያላችሁ ወገኖች፣ ለጥምቀት ወይም ለአድዋ በዓል ጎራዴ ልትገዙ ካሰባችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ 22 ሺህ ብር ከስሬበታለሁ፤ ከብሩ ይልቅ ግን የአባቴ ፊት ነው የማይረሳኝ።

ያየሁት ቴሌግራም ላይ ነው። ፎቶው ላይ ቀይ ቆዳ የለበሰ አፎት፣ ጥቁር የቀንድ እጀታ፣ ብረቱ ላይ ደግሞ ዘውድ የደፋ አንበሳ ይታያል። ሻጩ «ቅድመ አያቴ አድዋ የዘመቱበት ነው፣ ቸግሮኝ እንጂ አልሸጠውም ነበር» አለኝ። የአያቴ ጎራዴ በደርግ ጊዜ ከቤታችን ከወጣ ወዲህ አባቴ የካቲት 23 በመጣ ቁጥር የሚፎክረው በዱላ ነው። እሱን ደስ ላሰኝ ብዬ ተቻኮልሁ። «ሌላ ገዢ አለ፣ ግማሹን በቴሌብር ላክ» ሲለኝ ላክሁ። በማግስቱ «አውቶቡስ ላይ ጭኜዋለሁ፣ ቀሪውን ካልላክህ አይሰጡህም» አለ፤ እሱንም ላክሁ። መናኸሪያ ሄጄ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ የመጣውን ተረከብሁ።

አባቴ ከአፎቱ መዝዞ ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። አንበሳውን አየና ፈገግ አለ። ገልብጦ ፎቶ ያልተነሣውን ገጽ ሲያይ ግን ዝም አለ። «አድዋ 1896» ተብሎ ተቀርጾበታል። «ልጄ፣ በእኛ አቆጣጠር እኮ አድዋ 1888 ነው» አለኝና መልሶ ከአፎቱ ከተተው። የዘመተበትን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር የሚያስቀርጽ የምኒልክ ወታደር ከየት ይመጣል?

ለአንድ ብረት ሠራተኛ አሳየሁት። ገና እጁ ሲገባ «የመኪና ባሌስትራ ነው» አለ። ውፍረቱ ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ አንድ ነው፣ ወደ ጫፉ እየሳሳ አይሄድም። ዝገቱን በአውራ ጣቱ ሲያሸው ብርቱካንማ ዱቄት ሆኖ ተነሣ፤ ከሥሩ የግራይንደር ጭረት ብቅ አለ። በባትሪ አሲድ እንዲህ ያስረጁታል አለኝ። የዱሮ ዝገት ጠቆር ብሎ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ነው፣ በጣት አይራገፍም። ቤት ገብቼ አፎቱን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ብነካው ቀዩ ቀለም ጨርቁ ላይ ቀረ። ባሌስትራ መጥፎ ብረት ሆኖ አይደለም፤ ቢላዋና ማጭድ የሚወጣለት ጠንካራ ብረት ነው። የዛሬ ሥራ ተብሎ በዛሬ ዋጋ ቢሸጥ ማንም አይከፋም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሱቆቹን ዞርሁ፤ ሐይቁ ዳር ያሉትን፣ ዘጌ ተሻግሬም ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉትን። እዚያም ውሸት አለ። ነገር ግን ጎራዴውን መዛችሁ፣ ሁለቱንም ገጽ አይታችሁ፣ በእጃችሁ መዝናችሁ ነው ዋጋ የምትነጋገሩት፤ ሱቁም ነገ እዚያው ነው። አንዲት ባለሱቅ ሳልጠይቃት «አዲስ ነው ወንድሜ፣ ለግድግዳ ጌጥ ነው» አለችኝ፤ ዋጋው እኔ ከላክሁት ሲሶ አይሞላም። ሌላው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከገዳም የወጣ ነው» አለኝ። ይህን ስትሰሙ ጥላችሁ ውጡ። ውሸት ከሆነ ተታላችኋል፤ እውነት ከሆነ የተሰረቀ ቅርስ እየገዛችሁ ነው።

ውጭ አገር ላለ ዘመድ የምትገዙም አስቡበት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ስለዚህ አዲስ ከሆነ አዲስ መሆኑን የሚገልጽ ደረሰኝ ከሱቁ ተቀበሉ። «እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ነው» ብለው ዋጋ ሲቆልሉባችሁም እሺ አትበሉ። የአውራሪስ ቀንድ ዓለም አቀፍ ንግዱ የተከለከለ ነው፤ እውነት ቢሆን እንኳ ድንበር ላይ ጣጣ ነው። የጋለ መርፌ ሲነካው እንደ ፀጉር ከሸተተ ፕላስቲክ አለመሆኑን ብቻ ነው የምታውቁት፤ የበሬ ቀንድም እንደዚያው ይሸታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ብረቱ ላይ የፈረንጅ ፋብሪካ ማኅተም ስላያችሁ ብቻ ሐሰት ነው አትበሉ። በምኒልክ ዘመን ከአውሮፓ፣ ለምሳሌ ከጀርመኗ ዞሊንገን፣ ብዙ የጎራዴ ብረት ይገባ ነበር። ይልቅ ሻጩን በጎራዴና በሾተል መካከል ያለውን ልዩነት ጠይቁት። ሾተል እንደ ማጭድ በጣም የጎበጠና በሁለቱም በኩል ስለት ያለው ነው፤ ጎራዴ ጉብጠቱ ለስለስ ያለ፣ ስለቱም ባንድ በኩል ነው። ይህን ካልመለሰ ከቅድመ አያቱ አልወረሰውም።

ሰውየው ስልኬን ዘግቶብኛል፤ ቴሌብሩ የተመዘገበበት ስምም ከነገረኝ ስም ጋር አይገናኝም። በዚህ ሳምንት ያንኑ ፎቶ በሌላ ስም ለጥፎት አይቻለሁ፤ አሁን «የማይጨው» ሆኗል። ምልክቱን ልንገራችሁ፦ ከአፎቱ አፍ ዝቅ ብሎ የቆዳው ስፌት ሦስት ጣት ያህል ተተርትሯል፣ ከኋላው ሰማያዊ የብረት በር ይታያል። ይህን ፎቶ ካያችሁ አትላኩ፤ የላከ ሰው የምታውቁ ከሆነም አገናኙኝ፣ አብረን ለፖሊስ እናመልክት።