በበዓል ሰሞን በቨርችዋል ካርድ ስሸምት ያየሁት

ባለፈው የበዓል ሰሞን ኦንላይን የገዛሁትን ሁሉ የከፈልኩት ባንኬ በስልክ መተግበሪያው በሚሰጠው ቨርችዋል ካርድ ነው። ከስድስት ሱቅ ገዛሁ፣ ለእያንዳንዱም የየራሱን ካርድ አወጣሁ። ከአምስቱ ያዘዝኩት በሰላም ደረሰኝ። ስድስተኛው የአጭበርባሪ ሱቅ ነበር። ይህን ግምገማ የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው።

ለማታውቁት፣ ቨርችዋል ካርድ በእጅ የሚያዝ ፕላስቲክ የለውም። መተግበሪያው ውስጥ «አዲስ ካርድ» የሚለውን ስትነኩ የራሱ 16 አሃዝ ቁጥር፣ የማብቂያ ቀንና ባለ 3 አሃዝ ኮድ ይመጣላችኋል። ገንዘቡ የሚቆረጠው ከዚያው ከሂሳባችሁ ነው። ሱቁ ግን የዋናውን ካርድ ቁጥር አያየውም። የእኔ ባንክ በየካርዱ ላይ የወጪ ጣሪያ እንዳስቀምጥ ይፈቅድልኛል። አንዴ ከተከፈለበት በኋላ ራሱን የሚዘጋ ካርድም አለው። ሁሉም ባንክ ሁለቱንም አይሰጥም፣ ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችሁን መተግበሪያ እዩ።

ወደ ስድስተኛው ሱቅ ልምጣ። ለእህቴ ልጅ የእንጨት ባቡር እየፈለግኩ ነበር። የገባሁበት ሱቅ ሁሉ «አልቋል» ይላል። አንድ ማታ ስልኬ ላይ ማስታወቂያ መጣ። ያው ባቡር፣ ዋጋው ግማሽ። ከላይ ወደኋላ የሚቆጥር ሰዓት ተለጥፎበታል፤ 14 ደቂቃ ይላል። አድራሻው አጠገብ የቁልፍ ምልክቷን ሳይ ልቤ አረፈ። ባቡሩ ሳያልቅ ልቅደም ብዬ ከፈልኩ።

የቁልፍ ምልክቷ ብዙ ሰው ታሳስታለች። የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በእናንተና በድረ ገጹ መካከል የሚያልፈው መረጃ ተመስጥሯል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ሐቀኛ ይሁን ሌባ፣ አትናገርም። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ ድርጅት ከ2015 ጀምሮ ለምልክቷ የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት በነፃ ይሰጣል፤ አጭበርባሪም እንደማንኛውም ሰው ያገኘዋል። ጉግል ራሱ በ2023 ምልክቷን ክሮም ከተባለው የድረ ገጽ መክፈቻው ላይ አንስቷታል፣ ሰው የታማኝነት ማረጋገጫ አድርጎ ስለሚያያት።

ከከፈልኩ በኋላ ገጹን እንደገና ከፈትኩት። ሰዓቱ ተመልሶ 15 ደቂቃ ብሎ መቁጠር ጀመረ። ያኔ ነው የነቃሁት። የድረ ገጽ አድራሻዎችን የሚያስተባብረው ድርጅት፣ አይካን፣ ለማንም ክፍት ባደረገው መፈለጊያ አድራሻውን አስገባሁት። የተመዘገበው ከ19 ቀን በፊት ነው። ገጹ ላይ ግን «ለዓመታት ያገለገልን» ይላል። ይህን ማየት አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። አሁን የማላውቀው ሱቅ ከሆነ መጀመሪያ የምመለከተው ይህን ቀን ነው።

በማግስቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ተንጫረረ። «ክፍያ ውድቅ ተደርጓል።» ከደቂቃ በኋላ ሌላ መጣ። ቀጥሎም ሦስተኛ። የሦስቱም ሱቆች ስም ሰምቼው የማላውቀው ነው፤ የጠየቁትም ገንዘብ እየቀነሰ የሚሄድ፣ የትኛው ያልፍ ይሆን እያሉ የሚሞክሩ ይመስላል። ካርዱ ግን ባቡሩ እንደተከፈለበት ተዘግቷል። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሦስቱን መልእክት ደጋግሜ አነበብኳቸው። የሰጠኋቸው ዋናው ካርዴን ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰዓት ምን ይተርፈኝ ነበር?

የባቡሩ ገንዘብ ግን ሄዷል። እዚህ ላይ ካርዱ አያድናችሁም፤ ያልመጣን ዕቃ ገንዘብ የምታስመልሱት ለባንካችሁ የክፍያ ቅሬታ በማቅረብ ነው። በቪዛና በማስተርካርድ ደንብ ለዚህ አብዛኛውን ጊዜ 120 ቀን አላችሁ። የትዕዛዙን ገጽ፣ የኢሜይል ማረጋገጫውንና መልስ ያላገኘሁባቸውን ሁለት ደብዳቤዎች ስክሪን ሾት አድርጌ ላክሁ። ገንዘቡ በአምስተኛው ሳምንት ተመለሰልኝ።

ድክመቱንም ልንገራችሁ። ከደህናዎቹ ሱቆች ለአንዱ ዕቃ መልሼ ነበር። ገንዘቡ ወደተዘጋው ካርድ ስለተላከ ሂሳቤ ውስጥ እስኪገባ 11 ቀን ፈጀ። የባንኩ ሠራተኞችም በየቀኑ የተለያየ መልስ ነበር የሚሰጡኝ። ሆቴል ወይም ስትደርሱ ካርዱን አሳዩ የሚሏችሁ ቦታ ከሆነ ባትጠቀሙበት ይሻላል።

ከዚህ የባሰው ግን ካርድ የማይደርስበት ማጭበርበር ነው። በዚያው ሰሞን እናቴ ጋ ሰው ደወለ። ከባንክ ነኝ አላት። «እማማ፣ ገንዘብዎ ሊሰረቅ ነው፤ አሁን የሚደርስዎትን 6 ቁጥር ያንብቡልኝ።» ኮዱ እውነትም መጣላት። ስልኩን ዘጋችና ካርዷ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ደወለች። ባንኩ ማንም እንዳልደወለላት ነገራት። ያንን ኮድ አንብባለት ቢሆን ቨርችዋልም ሆነ ሌላ ካርድ አያስጥላትም ነበር። «በስጦታ ካርድ ቁጥር ክፈል» ወይም «በፔይፓል ለጓደኛና ለቤተሰብ በሚለው ላክልኝ» የሚል ሻጭም ያው ነው። የኦንላይን ክፍያ አገልግሎቱ ፔይፓል ገዢን ከጉዳት የሚጠብቅበት ዋስትና በዚያ መንገድ ለተላከ ገንዘብ አይሠራም። እንዲህ የሚል ሻጭ ሲገጥመኝ ወዲያው ትቼ እወጣለሁ።

ለአገልግሎቱ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት በተመላሽ ገንዘቡ መጓተት ነው። ለባንኩ አንድ ነገር ጽፌ ልኬያለሁ፦ የወጪ ጣሪያውን ማስተካከያ ሦስት ገጽ ውስጥ ገብተን ከምንፈልገው፣ ካርዱ ሲወጣ እዚያው ጠይቁን። ባቡሩን በኋላ ከሌላ ሱቅ አገኘሁት። በዓሉ ካለፈ በሦስተኛው ቀን ደረሰ።