ታይምሼር ወይስ ሆቴል? ቤተሰብ ይዞ ተራራ ላይ ለመሰንበት

አምስት ሆናችሁ ተራራ ላይ ለመሰንበት ካሰባችሁ ከአንድ የታይምሼር (ሪዞርት ውስጥ ያለን ቤት በየዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሳምንት የመጠቀም መብት) ባለቤት ላይ ሳምንቱን መከራየት ትችላላችሁ፣ ወይም ሆቴል ውስጥ ሁለት ክፍል መያዝ። እኔ ለታይምሼሩ አደላለሁ። ምክንያቱ ወጥ ቤቱ ነው። ተራራ ሲወጡ የዋሉ ልጆች ጠግበው አያውቁም፣ ሪዞርት ውስጥ ያለ ምግብ ደግሞ ውድ ነው፣ ስለዚህ ቁርስና እራቱን እዚያው አብስላችሁ ምሳ ብቻ ውጭ ብትበሉ ኪሳችሁ ይተርፋል። ብዙዎቹ የታይምሼር ቤቶች ልብስ ማጠቢያ ማሽንም አላቸው፤ ጭቃ ለብሶ ለሚመለስ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባለቤቱ ዓመታዊ የጥገና ክፍያውን ሄደም አልሄደም ይከፍላል፣ ስለዚህ የማይጠቀምበትን ሳምንት ከሪዞርቱ ዋጋ ቀነስ አድርጎ የሚያከራይ አይጠፋም። ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ግን ቦታው በስማችሁ መያዙን ራሱ ሪዞርቱ ጋ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ሆቴል የሚያሸንፈው በነፃነቱ ነው። ሁለት ሌሊት አድሮ መውጣት ይቻላል። ታይምሼር አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ሳምንት ነው፣ መሰረዙም ያስቸግራል። ለአጭር ጉዞ ሆቴል፣ አለቀ።

በነገራችን ላይ፣ ሪዞርቱ ውስጥ «ስጦታ አለን፣ 90 ደቂቃ ብቻ ስጡን» ካሏችሁ ታይምሼር ሊሸጡላችሁ የሚጠሩበት ስብሰባ ነው። እኔ ስጦታው ይቅርብኝ ብዬ ነው የማልፈው።