ኮራላችሁ ስለተኮማተረ ብቻ «መድኃኒት» አትግዙ

በቤታችሁ የጨው ውኃ ገንዳ ለስላሳ ኮራል፣ ያንን ተክል የሚመስል የባሕር እንስሳ፣ የምታሳድጉ ሁሉ፣ እኔ የተሞኘሁበትን ጠርሙስ እናንተ እንዳትገዙት ብዬ ነው።

እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ የሚኖረው ሳርኮፊተን የተባለው ለስላሳ ኮራሌ አንድ ጠዋት ፖሊፖቹን፣ እንደ አበባ የሚከፈቱትን ጥቃቅን አካሎቹን፣ ሁሉ ወደ ውስጥ ሰብስቦ አገኘሁት። በሦስተኛው ቀን ላዩ ሰም እንደተቀባ ያብለጨልጭ ጀመር። ፎቶ አንስቼ ወደ ሸጠልኝ ሰው ሄድኩ። ስለ ውኃዬ አንዲት ጥያቄ እንኳን አልጠየቀኝም። ፎቶውን በቅጡ ሳያይ «በሽታ ነው፤ ሌሎቹንም ይጨርስብዎታል» ብሎ ከመደርደሪያው ጠርሙስ አወረደ። ያማረ ሥዕል አለበት፤ በውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር ግን አንድ ቃል የለም። ደንግጬ ስለነበር ይህን ያስተዋልኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

በታዘዘው መጠን አምስት ቀን ጨመርኩ። በስድስተኛው ቀን፣ እንደ ሕፃን መዳፍ ሲከፈትና ሲጨበጥ የኖረው ሌላው ለስላሳ ኮራሌ ዜኒያ እንቅስቃሴውን አቆመ፤ በማግስቱ ቀልጦ ከድንጋዩ ላይ ተዝረከረከ። ውኃውን ስለካ አልካላይኒቲው፣ ማለትም ውኃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ፣ ቀድሞ 8 ዲኬኤች (መለኪያ አሃዱ ነው) የነበረው 13 ደርሷል። ጥርጣሬ ስለገባኝ አዲስ የበጠበጥኩት የጨው ውኃ ላይ ከጠርሙሱ ጥቂት ጠብ አድርጌ ለካሁ፤ ቁጥሩ ወዲያው ዘለለ። ለካስ ፈውስ ብዬ ስጨምር የሰነበትኩት የአልካላይኒቲ ማሳደጊያ ኖሯል! ለስላሳ ኮራል እንደ ድንጋያማዎቹ አጽም ስለማይገነባ የሚጠቀምበት በጣም ጥቂቱን ነው፤ የቀረው በውኃው ውስጥ ይጠራቀማል።

ሳርኮፊተኑስ? በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያ የሚያብረቀርቅ ሽፋን እንደ እባብ ቆዳ ተገፈፈና ፖሊፖቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። በሽታ አልነበረም። ይህ ዝርያ በላዩ የተለጠፈውን አልጌና ቆሻሻ የሚያራግፈው እንዲህ ነው፤ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ሊዘጋ ይችላል። የሚያስፈልገው ሽፋኑን የሚያነሳለት የውኃ ፍሰት ብቻ ነበር። ዜኒያዬ ባይሞትብኝ ኖሮ ጠርሙሱን አመስግኜ ሁለተኛ እገዛ ነበር፤ ንግዱም የሚኖረው በዚህ ነው።

ኮራላችሁ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘጋ ወይም ሌሎቹም አብረው ከተኮማተሩ ውኃውን ጠርጥሩ። መጀመሪያ ጨዋማነት፦ ልዩ ክብደቱ (ከንጹሕ ውኃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) 1.025 አካባቢ መሆን አለበት። ባለ መርፌ መለኪያ ላይ አንዲት የአየር አረፋ ከተጣበቀች ንባቡ ከእውነቱ በላይ ይሆናል፤ ስለዚህ ጨዋማነትን በብርሃን መታጠፍ በሚለካው በሪፍራክቶሜትር አረጋግጡ፣ እርሱንም አስቀድማችሁ በማመሳከሪያ ፈሳሽ አስተካክሉት። ለኮራል ምግብ የሚሆኑት ናይትሬትና ፎስፌት ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ኮራሉ ተርቧል ማለት ነው፤ «ውኃ አጥሪ» ቢሸጡላችሁ ይብስበታል። ዓሣ ለማከም መዳብ ያለበት መድኃኒት ገብቶ እንደሆነም አስታውሱ፤ መዳብ ኮራል ይገድላል። ለስላሳ ኮራሎች እርስ በርስ በኬሚካል ስለሚዋጉ ብዙ ዝርያ የምታቀላቅሉ ኬሚካሉን የሚመጥ የነቃ ከሰል ከማጣሪያው አይጥፋ። ሥጋው ጠቁሮ ከሸተተ ግን መጠበቅ የለም፤ የበሰበሰውን ጤነኛው ጋ ድረስ ቆርጣችሁ አውጡ።

ጠርሙሱን ይዤ ስመለስ ሻጩ «መጠኑን አብዝተውት ይሆናል» አለኝ። አጠገቡ እንደ ሳርኮፊተኔ ያለ ደማቅ ሐምራዊ «የቆዳ ኮራል» በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ለሌላ ደንበኛ ተዘጋጅቷል፤ «ልዩ ዝርያ ነው» ይላል። ቀለም የተነከረ ኮራል ብርሃን በውስጡ ኖረው ወደሚመግቡት አልጌዎች በደንብ ስለማይደርስለት ቀስ በቀስ ይራባል። ዝም ብዬ ከረጢቱን ወደ መብራቱ አነሳሁት። ውኃው ራሱ ሐምራዊ ነበር።