የክራንክ ሴንሰር ምርመራና ቅየራ፦ ላንቻ አካባቢ ያገኘሁት የጋራዥ አገልግሎት ግምገማ

ላንቻ አካባቢ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የመኪና ኤሌክትሪክ ጋራዥ፣ በቶዮታ ኮሮላዬ ላይ የክራንክ ሻፍት ፖዚሽን ሴንሰር (የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ የክራንክ ሻፍቱን፣ መዞርና አቀማመጥ ለመኪናው ኮምፒውተር የሚነግር ትንሽ ዕቃ) ብልሽትን እንዴት መርምሮ እንዳገኘና ሴንሰሩንም እንዴት እንደቀየረ በዚህ ጽሑፍ እገመግማለሁ። የጋራዡን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ጽሑፉ ማስታወቂያ እንዲመስል አልፈልግም። የምፈልገው ለዚህ ዓይነት ብልሽት ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ከጋራዥ ምን ሊጠብቅና ምን ሊጠይቅ እንደሚገባው በአንድ ተጨባጭ ሥራ ማሳየት ነው። መኪናው 2ኤንዜድ-ኤፍኢ የሚባለው ባለ 1.3 ሊትር ሞተር የተገጠመለት፣ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታይ ኮሮላ በመሆኑ፣ የምጽፈው ለብዙ ባለመኪና ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የብልሽቱ ምልክት እንዲህ ነበር። መኪናው ጠዋት ቁልፉ እንደዞረ ወዲያው ይነሳል፤ በመጨናነቅ ውስጥ ሲሄድ ቆይቶ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ግን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ጥፍት ይላል። ከዚያ በኋላ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር) በሙሉ ኃይሉ ቢያሽከረክርም ሞተሩ አይነሳም፤ ኮፈኑ ተከፍቶ ጥቂት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ይነሳል። ብዙ አሽከርካሪ «ሲበርድ ይነሳል» እያለ እንዲህ ዓይነቱን መኪና ለወራት ይነዳል፤ ይህ አደገኛ ነው። ቀለበት መንገድ ላይ በፍጥነት እየሄዱ ሞተሩ ከጠፋ መሪው ወዲያውኑ ይከብዳል፣ የፍሬኑ አጋዥ ኃይልም ከጥቂት ረገጣ በኋላ ያልቃል፤ ከኋላ የጭነት መኪና ካለ ደግሞ ዳር ለመያዝ የሚኖረው ጊዜ እጅግ አጭር ነው።

ይህ ብልሽት መካኒኮችን የሚያሳስትበት ምክንያት አለው። በዚህ ሞተር ላይ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚዞር ጥርሳም ሳህን አለ፤ ጥርሶቹ በየ10 ዲግሪው የተደረደሩ ሲሆኑ፣ 36 መሆን ሲገባቸው 34 ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ ሆን ተብሎ ተትተዋል። ሴንሰሩ ማግኔትና በጣም ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጥቅል የያዘ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጥርስ በፊቱ ሲያልፍ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ ያመነጫል፤ የመኪናው ኮምፒውተርም ሞገዶቹን በመቁጠር የሞተሩን ፍጥነት፣ የሁለቱን ጥርሶች ክፍተት በመለየት ደግሞ ክራንኩ በየትኛው ማዕዘን ላይ እንዳለ ያውቃል። ይህ ምልክት ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ መቼ እሳት መስጠት፣ መቼ ነዳጅ መርጨት እንዳለበት ስለማያውቅ እሳት የሚሰጡት ቦቢናዎችም ነዳጅ የሚረጩት ኢንጀክተሮችም ሥራ ያቆማሉ። ከዚህም በላይ ኮምፒውተሩ ክራንኩ መዞሩን ካላረጋገጠ የነዳጅ ፓምፑን ሬሌ (የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ስለማያበራ ፓምፑ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዝም ይላል። ፓምፑ ዝም ማለቱን የሰማ መካኒክ «ፓምፑ ሞቷል» ብሎ ቢደመድም የሚያስገርም አይደለም። ከዚህ በፊት መኪናውን ያየው ሌላ ጋራዥ ያደረገውም ይህንኑ ነበር፤ ፓምፑን ከነማጣሪያው ቀየረ፣ ካንዴላ ጨመረ፣ ሙሉ ሂሳብ ተቀበለ፤ መኪናው ግን እንደ ቀድሞው እየሞቀ መጥፋቱን ቀጠለ።

የላንቻው ጋራዥ ሥራውን የጀመረው መፍቻ ሳያነሳ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ በመጀመሪያ የጠየቁኝ ሞተሩ በሚጠፋበት ቅጽበት፣ መኪናው በማርሽ ገና እየተንከባለለ ሳለ፣ ክሩስኮት ላይ ያለው የዙር መቁጠሪያ መርፌ እንዴት እንደሚሆን ነበር። መርፌው በአንዴ ዜሮ ላይ እንደሚወድቅ ስነግራቸው ማስታወሻ ያዙ። ጥያቄው ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ መኪና ላይ መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተሩ ከክራንክ ሴንሰሩ የሚያገኘው ምልክት ስለሆነ፣ ጎማው ሞተሩን እያዞረው መርፌው ዜሮ ካለ ጥርጣሬው ከነዳጅ ወደ ምልክቱ መዞር አለበት። ነዳጅ ያለቀበት ሞተር መርፌው ከፍጥነቱ ጋር እየቀነሰ ይወርዳል እንጂ በአንዴ አይወድቅም።

ከዚያ የባትሪው ቮልቴጅ ሞተሪኖው እያሽከረከረ ሳለ ተለካ፤ ደካማ ባትሪ ሞተሩን በዝግታ ስለሚያዞር ከሴንሰሩ የሚመጣው ሞገድም ይደክማል፣ ጤነኛ ሴንሰርም በሐሰት ይከሰሳል። ባትሪው ደህና ሆኖ ከተገኘ በኋላ ስካነር (ከመኪናው ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ) ተሰክቶ ፒ0335 የሚለው ኮድ ወጣ። እዚህ ላይ ነው ጥሩ ጋራዥና ቸኳይ ጋራዥ የሚለያዩት። ኮዱ የሚለው በክራንክ ሴንሰሩ የኤሌክትሪክ ዑደት ላይ ችግር አለ ነው፤ ዑደቱ ውስጥ ደግሞ ሴንሰሩ፣ ሶኬቱ፣ እስከ ኮምፒውተሩ የሚሄዱት ሽቦዎችና ኮምፒውተሩ ራሱ አሉ። ዕቃውን አሁኑኑ ልግዛ ወይ ብዬ ስጠይቅ ኤሌክትሪሺያኑ፣ «ወንድሜ፣ ኮዱ ሰፈሩን ነው የነገረን፤ ቤቱን ገና አላገኘነውም» አሉኝ።

ቤቱን ያገኙበት መንገድ ለዚህ ግምገማ ዋናው ነገር ስለሆነ በዝርዝር ልግለጸው። ሞተሩ እየሠራ እንዲሞቅና በራሱ ጊዜ እንዲጠፋ ተደረገ፤ ከዚያ ሞተሪኖው ሲያሽከረክር በስካነሩ ላይ የሞተር ዙር ምን እንደሚል ታየ። ጤነኛ ሞተር በዚህ ጊዜ በደቂቃ ወደ 200 አካባቢ ዙር ማሳየት ሲገባው፣ ስካነሩ ዜሮ ላይ ተገትሮ ቀረ። ሶኬቱ ተነቅሎ ዘይት ገብቶበት እንደሆነ፣ ፒኖቹም ታጥፈው ወይም ዝገው እንደሆነ በባትሪ መብራት ተመረመረ፤ ቀጥሎም ከሶኬቱ እስከ ኮምፒውተሩ ያሉት ሁለት ሽቦዎች እየተወዛወዙ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ተለኩ። በዚህ ሞተር ላይ ሴንሰሩ የሚገኘው ከፊት፣ ከክራንኩ ፑሌጃ (ቺንጋ የሚባለውን ቀበቶ ከሚያዞረው ጎማ መሰል ብረት) አጠገብ ታች ስለሆነ፣ ሽቦው ከማሰሪያው ከወጣ ቺንጋው ሊቆርጠው ይችላል፤ የኔው መኪና ሽቦ ግን ጤነኛ ሆኖ ተገኘ።

የቀረው ሴንሰሩ ነበር። ሲቀዘቅዝ ተፈትቶ በቴስተር ሲለካ ኦሙ (የኤሌክትሪክ ተቃውሞው መጠን) አምራቹ ከፈቀደው ክልል ውስጥ ወደቀ። ብዙ ጋራዥ ምርመራውን እዚህ ላይ ያቆምና «ሴንሰሩ ደህና ነው» ብሎ ወደ ፓምፕና ወደ ኮምፒውተር ይሄዳል። እኚህ ሰው ግን የቴስተሩን ሁለት ሽቦዎች ከሴንሰሩ ጋር እንደተያያዙ ትተው በተራ የፀጉር ማድረቂያ ያሞቁት ጀመር። ቁጥሩ ቀስ እያለ ከፍ አለ፤ መዳብ ሲሞቅ ተቃውሞው ስለሚጨምር ይህ የተለመደ ነው። ሴንሰሩ በእጅ ሊያዝ የማይችልበት ሙቀት ላይ ሲደርስ ግን ቁጥሩ ከማያው ላይ ጠፋ፤ ዑደቱ ተቆርጧል ማለት ነው። አስቀምጠነው ሲቀዘቅዝ ቁጥሩ ተመልሶ መጣ። ሙከራው ዐይኔ እያየ ተደገመ፣ ውጤቱም አልተለወጠም። በጥቅሉ ውስጥ አንድ ቦታ የተሰነጠቀው ሽቦ በሙቀት ሲለጠጥ ይለያያል፣ ሲበርድ ደግሞ ይገናኛል፤ መኪናው ሲሞቅ የሚጠፋበትና ሲቀዘቅዝ የሚነሳበት ምክንያት በሙሉ እጃችን ላይ ነበር።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ተገቢ ነው። ይህ በኦም የመለካት ዘዴ ለባለ ሁለት ሽቦ ማግኔታዊ ሴንሰር ብቻ የሚሆን ነው። ባለ ሦስት ሽቦ፣ ሆል የሚባለው ዓይነት ሴንሰር በውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ስላለው በኦም መለካቱ ትርጉም ያለው መልስ አይሰጥም፣ ሊያበላሸውም ይችላል፤ በእርሱ ላይ የሚለካው የሚገባለት ኤሌክትሪክ፣ ምድሩና የሚያወጣው ምልክት ነው። መኪናዎ የትኛው ዓይነት እንዳለው መካኒኩ ሳይለይ ቴስተር ካነሳ፣ ቆም አድርጎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ ጋራዡ መለዋወጫ ስለማይዝ ሶማሌ ተራ መሄድ ግድ ሆነ። እዚያ የሚገኘው ምርጫ ሦስት ዓይነት ነው፦ ዴንሶ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ኦሪጅናል፣ ስሙ በማይታወቅ ካርቶን የሚመጣ ርካሽ ቅጂ፣ እንዲሁም ከተፈታ ሞተር ላይ የወጣ ያገለገለ። ዋጋን በብር መጻፉ ብዙም አይጠቅምም፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ አንድ ቦታ ላይ አይረጋም። በጊዜው ኦሪጅናሉ የቅጂውን ብዙ እጥፍ ያወጣ ነበር። ሆኖም ኦሪጅናሉን መረጥኩ፣ ለዚህ ዕቃም ሌላ ምርጫ አልመክርም። ያገለገለ ሴንሰር ከውጭ ሲታይ አዲስ ይመስላል፤ ነገር ግን ሽቦው ስንት ዓመት ሙቀት እንደጠጣ ማንም ሊነግርዎ አይችልም፣ ሲቀዘቅዝ ለክተው ቢገዙትም ከላይ እንደተገለጸው ልኬቱ ሊያታልል ይችላል። ቅጂውን ከኦሪጅናሉ ጎን ለጎን አስቀምጬ ስመለከት የብረት ጫፉ ርዝመት በዐይን የሚለይ ልዩነት ነበረው። በጥርሱና በሴንሰሩ ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ፣ ይህ ልዩነት ወይ ሞገዱን ያደክማል፣ ወይ ጫፉን ከጥርሱ ጋር ያጋጫል። የሚገዛ ሰው አሮጌውን ይዞ ሄዶ በገላው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር ማስተያየት አለበት፤ የሞተሩን ስም ብቻ መናገር አይበቃም።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ በኋላ፣ በእጃችን ያሉት ኮሮላዎችና ቪትዞች ገና ለብዙ ዓመት ማገልገል ይኖርባቸዋል። በዚህ ሁኔታ ትክክለኛ ምርመራ ከቅንጦት የሚቆጠር አይደለም፤ ያለ ምክንያት የሚቀየር እያንዳንዱ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ የመጣ ነው።

ቅየራው ራሱ ብዙ የሚያጽፍ አይደለም። የባትሪው ነጌቲቭ ተነቀለ፣ መኪናው ከፍ ብሎ በማቆሚያ ተደገፈ፣ ቁጥር 10 ቁልፍ የሚፈታው አንድ ብሎን ወጣ። አሮጌው ሴንሰር የአውራ ጣት ያህል ጥቁር ፕላስቲክ ሲሆን፣ ማግኔቱ የሳበው የብረት ብናኝ ጫፉ ላይ ተለጥፎ፣ ጎሚኒውም (ዘይት እንዳያፈስ የሚዘጋው ላስቲክ) ደርቆ ጠንክሮ ነበር። የአዲሱ ጎሚኒ በሞተር ዘይት ታሽቶ፣ ሴንሰሩ በመዶሻ ሳይመታ በእጅ ግፊት ብቻ ገባ፤ ብሎኑም ያለ ኃይል ጠበቀ። ከሁሉ ያስደሰተኝ ሽቦው ወደ ቀድሞ ማሰሪያው መመለሱ ነው፤ ይህን የሚረሳ መካኒክ ለቀጣዩ ብልሽት መንገድ ይከፍታል። በዚህ ሞተር ላይ ከቅየራው በኋላ ኮምፒውተሩን የተለየ ትምህርት ማስተማር አያስፈልግም፤ በአንዳንድ ሌሎች ብራንዶች ግን በስካነር የሚከናወን ማስተካከያ ስላለ፣ ጋራዡ ያን የሚያደርግ መሣሪያ እንዳለው አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

ኮዱ ከጠፋ በኋላ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙሩ) እስኪሞቅ ተጠበቀ፣ ከዚያ ኤሌክትሪሺያኑ አብረውኝ ተቀምጠው በመጨናነቅ ውስጥ ነዳን፤ ስካነሩም ዙሩን ያለ መቆራረጥ እያሳየ ዘለቀ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ሞቆ ጠፍቶ አያውቅም።

አገልግሎቱ የጎደለው ነገርም አለ። የምርመራው ክፍያ ከቅየራው ተለይቶ እንደሚታሰብ የተነገረኝ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። ክፍያው ራሱ ተገቢ ነው፣ ከፓምፑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸርም ትንሽ ነው፤ ነገር ግን መኪናው ከመግባቱ በፊት መነገር ነበረበት። ወረፋው ረጅም ነው፣ በተለይ ቅዳሜ ጠዋት፤ ምርመራውን የሚችሉት አንድ ሰው ብቻ ስለሆኑ እርሳቸው ከሌሉ ረዳቶቹ ኮድ አንብበው ከማስረከብ አያልፉም። ዋስትናው ለእጅ ሥራው እንጂ ደንበኛው ገዝቶ ላመጣው ዕቃ አይሆንም፤ ስለዚህ የሶማሌ ተራውን ደረሰኝ መያዝ የባለመኪናው ኃላፊነት ነው። የጋራዡም ደረሰኝ «ሴንሰር ቅየራ» ከሚል ሁለት ቃል በቀር ምንም አልያዘም ነበር፤ ስጠይቃቸው የተገኘውን ኮድ፣ ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ የተነበበውን ልኬትና የኪሎ ሜትሩን ንባብ በእጅ ጽፈውበት፣ አሮጌውን ሴንሰር ጨምረው ሰጡኝ። ይህን ለእያንዳንዱ ደንበኛ ሳይጠየቁ ቢያደርጉት፣ መኪናውን ቀጥሎ የሚያየው መካኒክ ከዜሮ አይጀምርም።