ሰርቨሮቻችንን ላስተካከለልን ልጅ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ዛሬ አንድ ባለሙያ ላመሰግን ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ አልጽፍም። የሚፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ያናግረኝ፤ አገናኘዋለሁ።

አዲስ አበባ ባለ አንድ የጅምላ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ አይቲውን የምይዘው እኔ ነኝ። ሁለት ሰርቨር አለን። እያንዳንዳቸው 16 ኮር (ስሌቱን የሚሠራው ክፍል) እና 128 ጊጋባይት ራም (በሥራ ላይ ያለ ዳታ የሚቀመጥበት ጊዜያዊ ማህደር) አላቸው። በላያቸው ላይ 14 ቨርቹዋል ማሽኖች (በሰርቨሩ ውስጥ እንደ ራሳቸውን የቻሉ ኮምፒውተሮች የሚሠሩ) ፕሮክስሞክስ በሚባል እነሱን በሚያስተዳድር ሶፍትዌር ይሠራሉ፤ ሂሳቡ፣ ደመወዙ፣ ስቶኩ፣ ፋይሉ ሁሉ እዚያ ነው። መጀመሪያ ተመሳሳይ ሶፍትዌር የሆነውን ቪኤምዌርን አስበን ነበር። ግን ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ከገዛው በኋላ ቋሚ ፈቃድ መሸጥ ቆመ። በየጊዜው በውጭ ምንዛሪ መክፈል ደግሞ ለእኛ የሚሞከር አይደለም። ፕሮክስሞክስ ግን ኮዱ ክፍት ነው፤ ሳይከፍሉም ይጠቀሙበታል።

ባለፈው ግንቦት አንድ ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመለስ የአንዱ ሰርቨር ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለ። መጀመሪያ የገጠመልን ድርጅት "አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይረከባል" ብሎን ነበር። አልተረከበም። ለካ እያንዳንዱ ሰርቨር አንድ ድምፅ አለው፤ በሁለት ሰርቨር ብቻ አንዱ ሲጠፋ የቀረው አብላጫ ድምፅ ስለማይኖረው የሌላውን ማሽኖች አላስነሳም ይላል። መኪኖች መጋዘኑ በር ላይ ተሰልፈው እኛ "ሲስተም የለም" ስንል ዋልን። ያን ቀን አልረሳውም።

ይህ ልጅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጥቶ ግን ምንም አልነካም። "ጋሼ፣ የወሩ መጨረሻ ደመወዝ እስኪሠራ ልይ" አለኝ። እያንዳንዱ ማሽን በትክክል ምን ያህል እንደሚበላ ሲመዘግብ ከረመ። ለደመወዙ ማሽን 32 ጊጋባይት ሰጥተነው ነበር። በጣም በተጨናነቀበት ቀን እንኳ ከ6 አላለፈም።

ያስረዳኝ ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። "ሲፒዩ፣ ኮሮቹ ያሉበት ማለት ነው፣ እንደ ወፍጮ ቤት ነው፤ ተራ ጠብቆ ሁሉም ያስፈጫል። ራም ግን እንደ አልጋ ነው፤ አንዱ ከተኛበት ለሌላው አይሆንም።" ስለዚህ ኮር ከእውነተኛው ቁጥር በልክ አብዝቶ ማደል ይቻላል። ራም ካለው በላይ ሲታደል ግን የሆነ ቀን ሲስተሙ አንዱን ማሽን ገድሎ ቦታ ያስለቅቃል።

የሂሳቡ ማሽን 16 ኮር ነበረው፤ የሰርቨሩን ሙሉ ኮር ማለት ነው። ሌሎቹም በገፍ ተሰጥቷቸው እርስ በርስ ይጠባበቁ ነበር። የሂሳቡን ወደ 4 አወረደው፤ የሌሎቹንም ቀነሰ። እኔ ፈርቼ ነበር። በማግስቱ የሂሳብ ሹማችን ደውላ "ምን አድርጋችሁት ነው፣ ሪፖርቱ እኮ ቶሎ ወጣ!" አለች።

ራሙን ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ "256 ጊጋባይት የለዎትም፤ ያለዎት 128 ነው። አንዱ ሲወድቅ ሁሉም በአንዱ መኖር አለበት።" ለሁሉም ያደልነው ተደምሮ 208 ነበር። ወደ 96 አወረደው። የቀረው ለራሱ ለሰርቨሩና ዲስኮቹን ለሚያስተዳድረው ለዜድኤፍኤስ ነው፤ ዜድኤፍኤስ ገደብ ካላበጁለት ራም ይወዳል።

እኔ ሦስተኛ ሰርቨር እንዲገዛ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። እሱ ግን ከመጋዘን አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አስወጥቶ ሦስተኛ ድምፅ ሰጪ አደረገው። ማሽን አይሸከምም፤ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ሰርቨሩን ይሸጥልን ነበር።

ያልሆነውንም ሆነ አላለም። የሂሳቡ ዳታ ወደ ሌላኛው ሰርቨር የሚገለበጠው በየ5 ደቂቃው ስለሆነ፣ አደጋ ቢመጣ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሊጠፉ እንደሚችሉ ለሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊት ነገራቸው። ስናፕሾት (ማሽኑ በአንድ ቅጽበት የነበረበት፣ እዚያው ዲስክ ላይ የሚቀመጥ ምስል) ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) እንዳልሆነም አስረድቶ ባክአፑን በሌላ ዕቃ ላይ፣ በሌላ ክፍል አስቀመጠው። ከዚያ አንድ ማሽን ከባክአፕ በራሴ እጅ እንድመልስ አደረገኝ።

የመጨረሻው ፈተና ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። "ገመዱን እርስዎ ይንቀሉት" አለኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነቀልኩት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሂሳቡ ማሽን በሌላኛው ሰርቨር ተነሳ። እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ መብራት ሲሄድ እንቅልፌን እተኛለሁ።

ልትጠሩት ካሰባችሁ የማሽኖቻችሁን ዝርዝር አዘጋጁ፤ የትኛው ቀድሞ መነሳት እንዳለበትም ተነጋገሩበት። መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ደግሞ ከወር መጨረሻ በፊት ጥሩት፤ ደመወዝ ሲሠራ ሳያይ ሥራ አይጀምርም።