ጂንካ ያለው አዳሪ ቤት፦ ሦስት ዓመት ከፍለን፣ ሄደን አየነው

ከሁሉ በፊት፣ የቤቱን ስም አልጽፍም። አንድ ድርጅት የደቡብ ኦሞ ብሔረሰቦችን ልጆች እያሳደረ የሚያስተምርበት ቤት ነው። የሙርሲን ብሔረሰብ ለማየት የሚወርድ ቱሪስት ጂንካን ሳይረግጥ አያልፍም፤ ስም ብጽፍ ነገ ከረሜላና ካሜራ ይዞ በራቸው ላይ የሚቆም አይጠፋም። ልጆቹ እስካሁን የተነሱት ፎቶ ይበቃቸዋል።

እኛ አንድ መሥሪያ ቤት የምንሠራ ሰባት ሴቶች ነን። ዕቁባችን ሲያልቅ "ብሩን መበተን ከለመድን አይቀር ለቁም ነገር እንበትነው" ተባባልንና በየወሩ 500፣ 500 ብር እያዋጣን አንዲት የሐመር ልጅ ማስተማር ጀመርን። አባቷ ሞቷል። እናቷ ሌሎች ትንንሽ ልጆች አሏት። ሦስት ዓመት ሙሉ ብሩን በባንክ ስንልክ ልጅቷን የምናውቃት በፎቶ ብቻ ነበር። ዘንድሮ እኔና አንዷ ጓደኛዬ ፈቃድ ወሰድንና ወረድን።

ከአዲስ አበባ ጂንካ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ነው። አውሮፕላን አለ፤ እኛ ግን በአውቶቡስ አርባ ምንጭ ገብተን አደርን፣ በማግስቱ በኮንሶ አድርገን ቀይ አፈር የምትባለው ከተማ ስንደርስ ሐሙስ ነበርና የገበያ ቀኑ ሆኖ አገኘነው። ጓደኛዬ ስልኳን አወጣች። አንዲት ፀጉሯን በቅቤና በቀይ አፈር የተሠራች ሴት ወዲያው እጇን ዘረጋች፣ የፎቶ ዋጋ አለውና። ጓደኛዬ አፈረችና ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ በጉዞው ሁሉ አላወጣችውም ማለት ይቻላል።

እንደምንመጣ የነገርናቸው ከአንድ ቀን በፊት ነው፣ አውቀን። ተሰናድተው እንዳይጠብቁን።

ግቢው ቆርቆሮ የለበሱ ሁለት ረጃጅም ቤቶች፣ አንድ ማድ ቤትና አንድ ትልቅ ማንጎ ዛፍ ነው። አርባ ምናምን ልጆች አሉ። ተደራራቢ አልጋ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ ከየአልጋው ሥር የብረት ሳጥን። አንዱ የበና ልጅ ግን ትራሱን ግድግዳ ጥግ ወርውሮ ቦርኮቶውን አስቀምጧል። ቦርኮቶ ወንዶቹ ቀን የሚቀመጡባት ማታ የሚንተራሷት ትንሽዬ የእንጨት በርጩማ ናት። "አይቆረቁርህም?" ብለው ትራሱን አሳየኝና "ይሄ ነው አንገት የሚያሳምመው" አለኝ። ሞግዚቷ ሰምታ ሳቀች፣ አልተቆጣችውም። እኔ ቤቱን የወደድኩት ያኔ ነው።

ማድ ቤቱ ጭስ በጭስ ነው። ሁሉም "ማዘር" የሚሏቸው ሴት ምስር ወጥ እያማሰሉ ነበር። ልጆቹ መጀመሪያ ሲመጡ እንጀራ አይበሉም አሉኝ፤ ይኮመጥጣቸዋል። "አሁንማ እኔን ይጨርሱኛል። ቅዳሜ የማሽላ ገንፎ ካጡ ግን ያኮርፋሉ።" ስለዚህ ቅዳሜ ገንፎ አለ፣ ማለዳ ደግሞ እንደ ቤታቸው የቡና ገለባ ተፈልቶ በቅል ይጠጣሉ። ይሄ በየትኛውም ሪፖርት ላይ የለም። የማዘር የራሳቸው ሐሳብ ነው።

ትምህርቱን የሚማሩት እዚያው ከተማ መንግሥት ትምህርት ቤት ነው፣ ከጂንካ ልጆች ጋር። ድርጅቱ የራሱን ትምህርት ቤት አልሠራም፤ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ ምግብና ማደሪያ ነው የሚችለው። አንዳንዱ ለጋሽ ስሙ የሚለጠፍበት ሕንፃ ስለሚፈልግ ይሄ አይጥመው ይሆናል። ለእኔ ትክክል ነው። ለብቻቸው ታጥረው "የጎሳ ልጆች ትምህርት ቤት" የሚባል ነገር ውስጥ ቢማሩ ኖሮ ከግቢው ሲወጡ ማንን ያውቃሉ? (ፈረንጆቹ በእንግሊዝኛ ወረቀታቸው ላይ "ትራይባል" እያሉ ሲጽፉ ሁሌ ይከነክነኛል። ልጅቷ ሐመር ናት፣ በቃ።)

ችግሩ ቋንቋ ነው። በዚያ አካባቢ 16 ያህል ብሔረሰብ አለ፤ ከተማው ውስጥ የሚያግባባው አማርኛ ነው። በስምንት ዓመቱ ከፍየል ጥበቃ የመጣ ልጅ አማርኛን "ሀ" ብሎ ሲጀምር የክፍል ጓደኞቹ ማንበብ ጨርሰዋል። ለዚህ ማታ ማታ የሚያስጠና አንድ የበና ልጅ ቀጥረዋል፣ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ የሚማር። የሐመርና የበና ቋንቋ አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ክፍልፋይን በራሳቸው ቋንቋ፣ በፍየል እየቆጠረ ሲያስረዳቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። ለሙርሲና ለዳሰነች ልጆቹ ግን እንዲህ ያለ ሰው የለም። የእነሱ ቋንቋ ፈጽሞ ሌላ ነው። ሁለት የሙርሲ ልጆች ጥግ ይዘው እርስ በርስ ሲንሾካሾኩ አመሹ። ይሄን ለኃላፊው ነገርኩት፤ "ሰው አጣን" አለኝ። ምናልባት እውነቱን ነው፣ ግን አምርረው የፈለጉ አልመሰለኝም።

አሁን ዋናው ላይ ልምጣ። እንዲህ ዓይነት ቤት ለመርዳት ካሰባችሁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ "ክረምት ልጆቹ የት ይሄዳሉ?" ይሁን።

እዚህ ቤት ሐምሌ ሲገባ መኪና ተከራይተው ልጆቹን ወደየቀበሌያቸው ይመልሳሉ። ወላጅ የሌለው ወደ አጎቱ፣ ወደ አያቱ። ከብት ይጠብቃሉ፣ እርሻ ይገባሉ፣ ዘፈን ይዘፍናሉ፣ መስከረም ላይ ጠቁረውና ከስተው ይመለሳሉ። ሞግዚቷ "እህቴ፣ ክብደታቸው ሲቀንስ እናዝናለን፤ ግን እዚህ ብናስቀራቸው ቋንቋቸውንም ሰዋቸውንም ያጣሉ" አለችኝ። ወንዶቹ ሁሉም ይመለሳሉ። ሴቶቹ ናቸው ፈተናው። ሴት ልጅ ስትዳር ለቤተሰቡ ከብት ይመጣል፤ ስድስተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ቤቷ ገብታ ላትመለስ ትችላለች። አምና ሁለት ቀርተው ነበር። ኃላፊው ከአገር ሽማግሌ ጋር ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አንዷን አመጣት። ሌላዋ ተድራለች። ይሄን ሳይደብቅ ነገረኝ፣ እኔም በሪፖርቱ ላይ ለምን እንዳልተጻፈ ጠየቅኩት። ዝም አለ።

ክረምት የማይሄዱም አሉ። ሚንጊ የተባሉ። በካራ፣ በሐመርና በበና ባህል የላይ ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ፣ መንታ ሆኖ የተወለደ፣ ወይም ከእርግዝና በፊት የሚደረገው ባህላዊ ሥርዓት ሳይፈጸም የተፀነሰ ሕፃን መዓት ያመጣል፣ ዝናብ ይከለክላል ተብሎ ይታመን ነበር፤ ሕፃኑ ጫካ ይጣላል፣ ወንዝ ይወረወራል። እናቱ እያለቀሰች። ይሄን በአደባባይ የተቃወመው የካራው ተወላጅ ላሌ ላቡኮ ነው፤ ሁለት ታላላቅ እህቶቹ እንደዚያ መሞታቸውን የሰማው በልጅነቱ ነበር። ልጆቹን እየለመነ ሰብስቦ እዚያው ጂንካ አሳደጋቸው፤ የካራ ሽማግሌዎችም በ2012 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ልማዱን በይፋ ተዉት። እኔ ያየሁት ቤት የእሱ አይደለም፣ ግን ከሐመርና ከበና የመጡ እንዲህ ያሉ ጥቂት ልጆች አሉበት። ማን ማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም። ሞግዚቷም አልነገረችኝም። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ይሄኛው ሚንጊ ነው" እያሉ የሚያሳዩ ቦታዎች እንዳሉ ሰምቻለሁና እዚህ አለመደረጉ አስደሰተኝ።

ቅሬታዬስ? አለ።

በየስድስት ወሩ ከልጅቷ ደብዳቤ ይመጣልናል። "ውድ ረዳቶቼ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ በርትቼ እየተማርኩ ነው።" ቃል በቃል አንድ ዓይነት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ። ቢሮ ገብቼ ሳይ ለካ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሁሉም ይገለብጣሉ። ልጅቷ እኔ ፊት ቁጭ ብላ ስለ ታናሽ ወንድሟ፣ ስለ አንዲት እምቢተኛ ፍየል እየሳቀች ያወራችው እኮ አሥር ደብዳቤ ይወጣዋል!

የሴቶቹ ሽንት ቤት ሩቅ ነው፣ ማታ መብራት የለውም። ትልልቆቹ ልጆች ብቻቸውን አይሄዱም፣ ይጠባበቃሉ። ሞዴስ በየወሩ ይሰጣል ይላል ወረቀቱ፤ ልጆቹን ለብቻቸው ስናናግር "አንዳንዴ ያልቃል" አሉን። ካለቀ ደግሞ ትምህርት ይቀራል። መጋዘኑን ሲያሳዩን ግን ካፖርት ተከምሯል። ጂንካ ላይ! ከውጭ የተላከ የበረዶ ካፖርት፣ ከነፀጉሩ። ማዘር አንዱን ቦርጫቸው ላይ ለክተው "ሲኦል ስገባ እለብሰዋለሁ" አሉ።

ሒሳቡን ጠየቅን። ይሄን ለመጠየቅ አትፈሩ፣ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ያዛል፤ የተመዘገበ ድርጅት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን በየዓመቱ ሪፖርት ያቀርባል። ኃላፊው መዝገቡን ራሱ አውጥቶ ሰጠን። የጤፍ ደረሰኝ፣ የማገዶ፣ የሞግዚት ደሞዝ። የእኛ ብር ተመዝግቧል፣ በወሩ። አንድ ወር ዘግይተን እንደላክን እንኳን ተጽፏል፣ አፈርን።

ከአምስት ስንት ትሰጪያለሽ ካላችሁኝ አራት። አንዱን ለሽንት ቤቱና ለደብዳቤው ቆርጫለሁ።

እኛ እንቀጥላለን። ለሽንት ቤቱ መንገድ ሁለት የሶላር መብራት ገዝተን ልከናል፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ደግሞ ሰባታችን 100፣ 100 ብር ጨምረን የሞዴሱን እንችላለን። መላክ የምትፈልጉ ካላችሁ የሚጎድለው ደብተር፣ የቤት ውስጥ ጫማና የሴት ልጅ የውስጥ ልብስ ነው። ካፖርት ተትረፍርፏል።