ያገለገለ ፍሪጅ ስትገዙ በቅዝቃዜው ብቻ አትመኑ

ቤቴን ለዓመታት ያደራጀሁት በአብዛኛው ሌላ ሰው በተጠቀመበት ዕቃ ነው። የመጻሕፍት መደርደሪያው ከተፈታ አልጋ የተሠራ ነው፤ መጋረጃዎቹ ቀድሞ አንሶላ ነበሩ፤ ወንበሮቹንም እኔው በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ቀለም ቀብቻቸዋለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ያገለገለ ዕቃ እንዳትገዙ ለመምከር አይደለም። የእንጨት ወንበር እንከኑን አይደብቅም፤ ቢላቀቅ ሲነቃነቅ ይታወቃል፣ ቢነቅዝም ዱቄቱ ከሥሩ ይገኛል። የፍሪጅ እንከን ግን በብረትና በፎም መካከል የተሸሸገ ስለሆነ፣ አውቆ የሚሸጥላችሁ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ሊሸፍነው ይችላል። እኔ የተታለልኩት በዚህ መንገድ ነው።

ሻጩ «ሙሉ በሙሉ ታድሷል» ያለኝ ፍሪጅ ዋጋው የአዲሱን ሲሶ ያህል ነበር። ልናየው ስንሄድ ቀድሞ ተሰክቶ እየሠራ ቆየን፤ ፍሪዘሩ ውስጥም ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ድንጋይ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ባለቤቴ እጇን ከትታ ወዲያው አወጣችው። ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል ብለን ሙሉውን ከፍለን ወሰድነው። በሦስተኛው ሳምንት በረዶው መቅለጥ ጀመረ፤ ሞተሩ ግን ሌት ተቀን ያለ ዕረፍት ይጮህ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት የፍሪጁ ውስጥ ከክፍሉ አየር የማይለይ ሆነ፤ ያስቀመጥነውንም ምግብ ሁሉ ጣልን።

የጠራነው የጥገና ባለሙያ የፍሪዘሩን ውስጥ በባትሪ እያበራ ሲመረምር፣ ከኋለኛው ጥግ አጠገብ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ከዙሪያዋ ነጭነት ትንሽ የደበዘዘች ጠባሳ አገኘ። በጥፍሩ ሲፍቃት የላዩ ቀለም ተላጠ፤ ከቀለሙ ሥር የደረቀ ግራጫ ማጣበቂያ፣ ከማጣበቂያው ሥር ደግሞ የቢላ ጫፍ የወጋው ቀዳዳ ታየ። ከቀድሞዎቹ ተጠቃሚዎች አንዱ የተጋገረ በረዶ በቢላ ለመፈንቀል ሲሞክር፣ ጋዙ የሚያልፍበትን ስስ አሉሚኒየም ወግቶታል ማለት ነው። ሻጩ ቀዳዳውን በማጣበቂያ ለጥፎ፣ በላዩ ቀለም ቀብቶ፣ ጋዝ ሞልቶ ሸጠልን። ማጣበቂያው መቀዝቀዙንና መሞቁን ሳይችል ቀስ በቀስ ለቀቀ።

እባካችሁ ይህን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ የፍሪጅ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ጋዙ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ኮምፕሬሰሩ (የፍሪጁ ሞተር) እየገፋው የሚዞር፣ በአንድ በኩል ከውስጥ ሙቀት እየወሰደ በሌላ በኩል ወደ ውጭ የሚጥል ነው፤ ቱቦው እስካልተበሳ ድረስ ፍሪጁ ዕድሜውን ሙሉ በዚያው ጋዝ ይሠራል። ስለዚህ ሻጭ «ጋዝ ብቻ ነበር ያለቀበት፣ ሞልተንለታል» ሲላችሁ፣ ሳያስበው «የሆነ ቦታ ያፈስሳል» ብሎ ነግሯችኋል። ቀዳዳው ሳይገኝ የተሞላ ጋዝ የሚገዛላችሁ ጥቂት ሳምንት ነው፤ ቀዳዳው በጣም ትንሽ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ወራት። በብዙ ፍሪጆች የቱቦው ከፊል በግድግዳው ፎም ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ፣ እዚያ ያፈሰሰን ቱቦ ማደስ ብዙ ጊዜ ከዕቃው ዋጋ በላይ ያስወጣል። በትክክል የጠገነ ባለሙያ የት እንደተበሳ ያሳያችኋል፣ ፊልተሩን እንደለወጠ፣ ቱቦውን በቫኪዩም ፓምፕ እንዳጸዳና ጋዙን በግራም መዝኖ እንደሞላ ይናገራል። እነዚህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ሻጭ እኔን ካገኘኝ ሻጭ ብዙ አይለይም።

ከኋላ ወይም ከውስጥ የተለጠፈችውን፣ የጋዙ ዓይነት የተጻፈባትን መግለጫ ሳታነቡ አትውጡ። በዘመናችን የቤት ፍሪጆች ላይ የሚበዙት ጋዞች አር 134ኤ እና አር 600ኤ ናቸው። አር 600ኤ አይሶቡቴን የሚባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሆነ በኮምፕሬሰሩ ላይ የእሳት ምልክት ይኖራል፤ ልምድ የሌለው ሰው በእሳት ሊበይደውም አይገባም። መግለጫዋ አር 12 ካለች ዕቃው እጅግ ያረጀ ነው፤ ያ ጋዝ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ከምርት እንዲወጣ የተደረገ ነው። የእኛው መግለጫ አር 600ኤ ይል ነበር፤ የተሞላው ግን አር 134ኤ ሆኖ ተገኘ። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ለመጀመሪያው ጋዝ የተመረጠ በመሆኑ ከሁለተኛው ጋር በአግባቡ አይዋሃድም፣ ስለዚህም ሞተሩ ራሱ ተጎድቶ ነበር። መግለጫዋ ተፍቃ ወይም በአዲስ ቀለም ተሸፍና ካገኛችሁ ወደ ሌላ ዕቃ እለፉ።

ለቁጠባ ብሎ የገዛ ሰው የሚከፍለው ሌላ ዕዳም አለ። ጋዙ የጎደለ ፍሪጅ የተፈለገው ቅዝቃዜ ላይ ስለማይደርስ ሞተሩ አይጠፋም። ለምሳሌ 150 ዋት የሚወስድ ኮምፕሬሰር በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ 24 ሰዓት ሲሠራ ግን 3.6 ይሆናል። ልዩነቱ በ30 ቀን 72 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህ ሁሉ ወጪ የሚወጣው ምግብ እየተበላሸ ነው።

ልታዩት ስትሄዱ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ተነቅሎ እንዲቆይ ጠይቁ፤ ስትደርሱም ኮምፕሬሰሩን በእጃችሁ ነክታችሁ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጡ። አስቀድሞ የተሰካ ፍሪጅ ምን ያህል ጊዜ ለፍቶ እንደቀዘቀዘ አይነግራችሁም። ከተሰካ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩና ከኋላ ያለው፣ ጋዙ ሙቀቱን የሚጥልበት ጥቁር የሽቦ መረብ፣ መረቡ ከሌለው የጎን ግድግዳው መሞቁን እዩ። በረዶ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ውርጩ በፍሪዘሩ ገጽ ሁሉ እኩል መዘርጋት አለበት፤ በአንድ ጥግ ብቻ ተጠራቅሞ ሌላው ደረቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጋዙ ጎድሏል ማለት ነው። የፍሪዘሩን ግድግዳ በባትሪ እያበራችሁ በጣታችሁ ዳስሱ፤ እኔ ይህን ብቻ አድርጌ ቢሆን ጠባሳዋን አገኛት ነበር። የበሩን ላስቲክ ለመፈተን ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡ፤ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ላስቲኩ አልቋል፣ እሱ ግን ሊለወጥ የሚችል ነገር ነው።

ቤት ካደረሳችሁት በኋላ ተጋድሞ የተጓዘ ከሆነ ዘይቱ ወደ ቦታው እንዲመለስ ሳትሰኩት ለሰዓታት አቁሙት። ከዚያ ቴርሞሜትር በውሃ ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ አሳድሩ፤ ፍሪጁ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች፣ ፍሪዘሩም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መድረስ አለበት። ይህም ቢሆን ቀስ ብሎ የሚያፈስን ቀዳዳ አያጋልጥም። ስለዚህ ከዋጋው የተወሰነውን ይዛችሁ ከሁለት ወር በኋላ ለመክፈል ተስማሙ፤ የመለያ ቁጥሩን፣ ጋዝ ተሞልቶ ከሆነ መቼና ለምን እንደተሞላ፣ ቅዝቃዜው ቢጠፋም ገንዘቡ እንደሚመለስ ጽፋችሁ አስፈርሙ። እኛ የነበረን የቃል ተስፋ ብቻ ስለነበር ሻጩ «ስትወስዱት ደህና ነበር» ሲል መልስ አጣን።

ገዝታችሁ አሁን መድከም የጀመረባችሁ ካላችሁ፣ ሻጩ ያለ ክፍያ ጋዝ ልሙላላችሁ ቢል አትቀበሉ። ያ ሙሌት የተስማማችሁበትን የመመለሻ ጊዜ ያሳልፍባችኋል። የፍሪዘሩን ግድግዳ፣ መግለጫዋንና የቴርሞሜትሩን ንባብ ቀን እንዲታይበት አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፤ ከሌላ ባለሙያም ቀዳዳው የት እንዳለ በጽሑፍ ተቀበሉና ያንን ይዛችሁ ሂዱ።